በዛይ ጉድጓድ ማሽላ ማብቀል፦ ከበጋው ቁፋሮ እስከ አዝመራው

«ዛይ ስንት በስንት ነው የሚቆፈረው?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ የግብርና ተማሪዎች፣ አንዳንዶቹ ዝናብ አጠር በሆኑ ቀበሌዎች የሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ናቸው። ልኩን ብቻ ነግሬ ሳሰናብታቸው ቅር ይለኛል፤ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ልኩ ነውና። ጉድጓዱ በልኩ ተቆፍሮ ፍግ ካልገባበት፣ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ካልተገታ፣ ወይም ቁፋሮው ዝናብ እስኪጥል ከቆየ የቤተሰቡ ጉልበት ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉውን ሥራ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

የምጽፈው ስለ ያቴንጋ ነው፤ በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ በዋሂጉያ ከተማ ዙሪያ ያለ አካባቢ። ጥቂት ክረምቶችን እዚያ ከገበሬዎች ጋር ሠርቻለሁ። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሌላው ጊዜ ደረቅ ነው። ምሳሌ የማደርገው ለራሱ ምግብ ሩብ ሄክታር ማሽላ የሚዘራ አንድ ቤተሰብ ነው። ወራቱን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ዛይ የአካባቢው ሕዝብ የሞሲዎች ቋንቋ የሆነው የሞሬ ቃል ነው፤ ጎረቤት ኒጀር ውስጥ ታሳ ይሉታል። ትንሽ የመዝሪያ ጉድጓድ ሲሆን ሥራው ሁለት ነው። በጠነከረ መሬት ላይ ሸሽቶ የሚያልፈውን ውሃ ይይዛል፤ ያለውን ጥቂት ፍግ ደግሞ በማሳው ሁሉ ከመበተን አድኖ ሰብሉ ሥር ያስቀምጠዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለሩብ ሄክታር)

- ዳባ የሚሉት እጀታው አጭር መኮትኮቻ፣ ወይም አፉ ጠባብ ዶማ፤ ለእያንዳንዱ ቆፋሪ አንድ
- 80 ሳንቲ ሜትር ላይ የተቆረጠ ዱላና 25 ሜትር ገመድ
- ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ፣ 15 ሜትር፤ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት እንጨቶች፤ ችካሎች
- ድንጋይና ማመላለሻ የአህያ ጋሪ
- በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ 12 ኩንታል ገደማ
- የማሽላ ዘር 2 ኪሎ፦ 1 ኪሎ ለመጀመሪያው ዘር፣ 1 ኪሎ ለድጋሚ
- ጥቂት የኒዬቤ ዘር፤ እኛ ጋ ካውፒ በሚል ስም የሚታወቀው ጥራጥሬ ነው
- ከተገኘ 16 ኪሎ ኤንፒኬ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ያለው) ማዳበሪያና አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ

ጉልበትንም ቁጠሩ። ሙሉ ሄክታር ለመቆፈር ከ300 እስከ 450 ሰዓት ይፈጃል። ሩብ ሄክታር ላይ ሁለት ሰዎች በቀን አራት አራት ሰዓት ቢሠሩ ከ9 እስከ 14 ቀን ማለት ነው።

1. መሬቱን ፈትኑ (ኅዳርና ታኅሣሥ)

ዛይ የሚሆነው ሞሲዎች ዚፔሌ ለሚሉት መሬት ነው፤ ገላጣ፣ ሣር የማይዝ፣ ላዩ እንደ ሸክላ የደረቀ። አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው ሳይሰርግ ተንሸራቶ ከሄደ መሬቱ ይሆናል። ወዲያው ከጠጣው አሸዋማ ነው፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ይናዳል፣ ድካሙም ትርፍ የለውም። ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ላይም አትቆፍሩ፤ ሰብሉ ነሐሴ ላይ ይሰጥማል።

2. መጀመሪያ ጎርፉን ግቱ (ታኅሣሥና ጥር)

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። አንድ ቤተሰብ ጉድጓዱን ሁሉ አሳምሮ ቆፍሮ፣ ፍጉንም አስገብቶ፣ ከማሳው በላይ ግን ምንም ሳያደርግ ክረምቱ ገባ። በአንድ ከባድ የሐምሌ ዝናብ ከላይ የወረደው ደለል ቡቃያውን ከነጉድጓዱ ደፈነው። ጉድጓድ ውሃ ይይዛል እንጂ ጎርፍ አያቆምም። ጎርፉን የሚያበርደው በማሳው ራስ ላይ የሚደረደር የድንጋይ መስመር ነው።

መስመሩ በዓይን ግምት አይሠራም። ግንበኞች በሚያውቁት የቱቦ ውሃ ልክ ተጠቀሙ፦

ሀ) የቱቦውን ሁለት ጫፎች በሁለቱ እንጨቶች ላይ እሰሩ። ውሃ ሙሉበት፤ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቀቁ፤ አንድ አረፋ ልኩን ያዛባል።

ለ) ሁለቱን እንጨቶች ጎን ለጎን አቁሙና ውሃው የደረሰበትን ቦታ በሁለቱም ላይ ምልክት አድርጉ።

ሐ) አንድ ሰው ባለበት ይቁም። ሌላው ቱቦው እስከሚፈቅድለት ይራቅና በሁለቱም እንጨት ላይ ውሃው ምልክቱ ጋ እስኪደርስ ወደ ላይና ወደ ታች ቦታ ይቀያይር። ሲገጥም ሁለቱም የቆሙበት ነጥብ እኩል ከፍታ ላይ ነው። ችካል ምቱና ከዚያ ቀጥሉ።

በችካሎቹ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ትላልቆቹን ድንጋዮች ቦዩ ውስጥ ቁልቁለቱ ባለበት በኩል አስቀምጡ፤ ትናንሾቹን ከላይ በኩል ክፍተቱ ላይ ጠቅጥቁ። ቁመቱ ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ በጭቃ አትድፈኑት። ማሳው ወደ ታች ረጅም ከሆነ በየ20 እስከ 30 ሜትሩ ሌላ መስመር ድገሙ፤ ተዳፋቱ በበረታ ቁጥር አቀራርቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ድንጋይ ሥር እባብና ጊንጥ ይተኛል። ድንጋዩን በእጅ አታንሱ። በዶማ ጫፍ ወደ ራሳችሁ አጋድሉት፤ ያኔ የሚከፈተው በወዲያ በኩል ነው፣ ሥሩ ያለውም ወደዚያ ይወጣል።

3. ቦታውን አስምሩ

ገመዱን በድንጋዩ መስመር አቅጣጫ ወጥሩ፤ ተዳፋቱን አቋርጦ እንጂ ተከትሎ አይደለም። በዱላው በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው 80 ሳንቲ ሜትር ይራቃል፤ ጉድጓዶቹ ግን ከላይኛዎቹ ትይዩ አይሁኑ፣ በሁለቱ መካከል ላይ ይረፉ። ከላይኛው ያመለጠውን ውሃ የታችኛው ይቀበለዋል። በዚህ ርቀት ሩብ ሄክታር 3,900 ገደማ ጉድጓድ ይይዛል።

4. ቆፍሩ (ከጥር እስከ ሚያዝያ)

የጉድጓዱ አፍ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር። ከዚህ ካነሰ የመጀመሪያው ደለል ይሞላዋል። በጣም ከጠለቀ ደግሞ ሥሩ ከመጎልበቱ በፊት ቡቃያው ውሃ ውስጥ ይቆማል።

ያወጣችሁትን አፈር ቁልቁለቱ ባለበት በኩል እንደ ግማሽ ጨረቃ ከምሩ። ወደ ላይ በኩል ከከመራችሁት የሚመጣውን ውሃ ከጉድጓዱ ታባርራላችሁ። ይህ ስህተት ጀማሪ ቆፋሪ ላይ ይበዛል፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጉድጓዶች ሌላ ሰው ቢያያቸው ጥሩ ነው።

በጉድጓዶቹ መካከል ያለውን ጠንካራ መሬት አትንኩት። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ለአንድ ጉድጓድ በሚደርሰው 80 በ80 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 6.4 ሊትር ውሃ ያርፋል። የጉድጓዱ አፍ ብቻውን የሚቀበለው ግን 0.7 ሊትር ገደማ ነው። የቀረውን ወደ ጉድጓዱ የሚያንሸራትተው ያ ጠንካራ መሬት ነው፤ ከኮተኮታችሁት ውሃውን እዚያው ይጠጣዋል።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጎህ ሲቀድ ጀምራችሁ ፀሐይ ሳይበረታ አቁሙ፤ ውሃ ሳትይዙ አትውጡ። በደቦ ከሆነ በእያንዳንዱ ማሳ ላይ ተራ ግቡ፤ ቁፋሮ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከባድ ነው።

5. ፍጉን አስገቡ (ሚያዝያና ግንቦት)

ጉድጓዱ ውስጥ እህል የሚያበቅለው ፍጉ ነው። ከዋሂጉያ አጠገብ ባለው በጉርጋ መንደር የኖረው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፈው ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎ የሚታወቀው የድሮውን ትንሽ ጉድጓድ አስፍቶ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ፍግ በመጨመሩ ነው።

ለእያንዳንዱ ጉድጓድ 300 ግራም የደረቀ ፍግ ያስፈልጋል። ይህን ያህል የሚይዝ ጣሳ አንዴ በሚዛን ለክታችሁ ምልክት አድርጉበትና ከዚያ በጣሳው ሥሩ። በላዩ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር መልሱበት፤ ነፋስ እንዳይወስደው።

ፍጉ የበሰለ ይሁን። የፍየልና የበግ በጠጥ፣ የከብት እበት፣ የግቢ ጥራጊ፣ የተቆራረጠ አገዳ ተደባልቆ ለወራት የቆየ ማለት ነው። ሲበስል ይጠቁራል፣ ሽታው ይጠፋል፣ እጃችሁ ላይ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ትኩስ እበት ሲፈላ ዘሩን ያቃጥለዋል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

12 ኩንታል የለንም፣ ያለን 6 ነው የሚሉኝ አሉ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የጉድጓዱን ቁጥር በግማሽ ቀንሱ፣ የፍጉን መጠን ግን አትቀንሱ። በደንብ የተመገቡ 1,900 ጉድጓዶች የተራቡ 3,900ን ይበልጣሉ፤ የቁፋሮው ድካምም ግማሽ ይሆናል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ምስጥ ታያላችሁ። አትደንግጡ፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። ምስጡ ደረቁን ቆሻሻ ፈልጎ ሲገባና ሲወጣ የጠነከረውን መሬት ይበሳሳዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በዚያ ቀዳዳ ወደ ታች ይሰርጋል። ዶማ የማይደርስበትን የሚከፍተው ምስጡ ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ፀረ ተባይ አትርጩ።

6. ለሐምሌ የሚሆን እህል ለዩ

ይህ በግብርና መመሪያዎች ውስጥ ብዙም አይጻፍም፤ እኔ ግን ከዘር መረጣ እኩል አየዋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ነው። የአረም ሥራው የሚበረታውም ያኔ ነው። ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው ለዕለት ምግብ የሌላ ሰው ማሳ ሊያርም ይሄዳል፤ የራሱ ማሳ በአረም ይዋጣል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጎተራው ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ጥር ላይ፣ እህል ገና እጃችሁ ውስጥ ሳለ፣ ለአረም ጊዜ የሚሆነውን ለይታችሁ ከረጢት ውስጥ አስገቡና አፉን ስፉ። የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደሚከፈትም ባልና ሚስት ተስማሙበት።

7. ዘሩን ፈትኑ

20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ5 ቀን አቆዩ። ከ16 በላይ ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ በየጉድጓዱ የምትጥሉትን ፍሬ ጨምሩ ወይም ሌላ ዘር ፈልጉ። ዝናቡ አጭር ስለሆነ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይመረጣል። ከባድ አፈር ላይ ማሽላ፣ ቀለል ያለ አፈር ላይ ቡልቱግ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ መድኃኒት የተቀባ ዘር ቀይ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም አለው። አይበላም፤ ታጥቦም አይበላም። ከዘራችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከረጢቱንም ለእህል አትጠቀሙበት።

8. ዝሩ (ሰኔ)

የመጀመሪያው ነጠብጣብ አያታልላችሁ። ከዝናቡ ማግስት አንድ ጉድጓድ ሥር እጃችሁን አስገቡ። እርጥበቱ አንድ ስንዝር ከወረደ ዝሩ። ካልወረደ ጠብቁ፤ ዘሩ በቅሎ ቀጣዩ ዝናብ ቢዘገይ ቡቃያው ይደርቃል።

በየጉድጓዱ 8 ፍሬ ማሽላ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ብዙ ፍሬ አብሮ መጣሉ ቡቃያው የደረቀውን ገጽ ተባብሮ እንዲሰነጥቅ ይረዳል። በማሳው ራስ ላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ለኒዬቤ ተዉ። በየጉድጓዱ 3 ፍሬ ይበቃል። ቶሎ የሚደርሰው ዝርያ በሁለት ወር ገደማ ስለሚያፈራ፣ ማሽላው ከመድረሱ በፊት እሸቱ ለቤተሰቡ ይደርሳል።

በ10 ቀን ውስጥ ያልበቀለውን ደግማችሁ ዝሩ።

9. አሳሱ፣ አርሙ

ከበቀለ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ በየጉድጓዱ 3 ጠንካራ ቡቃያ ብቻ አስቀሩ። ልብ ይሳሳል፣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስምንቱ በአንድ እፍኝ ፍግ ላይ ከተሻሙ አንዱም ጥሩ ዛላ አያወጣም። የነቀላችሁትን ዝናባማ ቀን ጠብቃችሁ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ትከሉ።

የመጀመሪያው አረም ከማሳሳቱ ጋር አብሮ ይሁን፤ ሁለተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ። በመጀመሪያው ዓመት አረሙ የሚበቅለው አብዛኛው ጉድጓዱ ውስጥ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። የመጀመሪያው አረም ከዘገየ ግን ማሽላው ገና ሳለ የተቀማውን በኋላ አታካክሱትም።

ነሐሴ ላይ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ ከቆመና ቅጠሉ ከወየበ የግማሽ ጨረቃውን ጠርዝ በትንሹ ቁረጡት፤ ውሃው ይውጣ።

10. ማዳበሪያ፣ ካላችሁ

ካሳሳችሁና ካረማችሁ በኋላ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ከአገዳው 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አንድ ቆርኪ ኤንፒኬ ቅበሩ። አንድ ቆርኪ 4 ግራም ገደማ ይይዛል። አገዳው ሥር ከነካ ያቃጥለዋል፤ ሳይቀበር ከቀረ ጎርፍ ይወስደዋል። ገንዘብ ከሌላችሁ ይህን ደረጃ ዝለሉት፤ ለማዳበሪያ ብላችሁ ግን የተለየውን የሐምሌ እህል አትሽጡ።

11. አቀንጭራና ግሪሳ

አቀንጭራን በእኛ ቆላ ማሽላ የዘራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያቴንጋ ላይም ያው ሐምራዊ አበባ ነው። ከመሬት ከመውጣቱ በፊት ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ጉዳቱን ይጀምራል፤ ስለዚህ ስትነቅሉት የምታድኑት የዚህን ዓመት ሰብል ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ መቆየት ይችላል። አበባው ዘር ሳይዝ ነቅላችሁ ከማሳው አውጡና አቃጥሉት። ዘር ከያዘ ለከብት አትስጡት፤ በእበቱ ተመልሶ ይመጣል። በሚቀጥለው ዓመት የተጠቃውን ቦታ ለኒዬቤ ስጡት። ኒዬቤን የሚያጠቃ ሌላ የአቀንጭራ ዘር እንዳለ ግን አትርሱ፤ የሱንም ሥር ተመልከቱ።

ፍሬው ወተት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ጠዋት ማለዳና ከሰዓት በኋላ ወፉ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ ጥበቃው ያኔ አይቋረጥ።

12. አዝመራውን ሰብስቡ (ጥቅምት)

ፍሬውን በጥፍር ስትጫኑት ካልተደረመሰ ደርሷል። ዛላውን ቆርጣችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አድርቁ። አገዳውን በጉልበት ቁመት አስቀሩት፤ በበጋ የሚነፍሰው የሃርማታን ነፋስ የሚያመጣውን አፈርና ቅጠል እዚያው ያስቀረዋል።

ኒዬቤ ነቀዝ በጣም ይወደዋል። በደንብ አድርቃችሁ ሁለት የላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ከውጭ ደግሞ በማዳበሪያ ጆንያ አድርጋችሁ፣ አየሩን ጨምቃችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ እሰሩ። ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር ሲያልቅበት ይሞታል። ቢያንስ ለሁለት ወር አትክፈቱት፤ አይጥ ከረጢቱን እንዳይበሳውም ከግድግዳ አርቁት።

13. ለሁለተኛው ዓመት

አዲስ ቁፋሮ የለም። የገባውን ደለል ጠርጋችሁ፣ ፍጉ ካነሰ ጨምራችሁ፣ እዚያው ዝሩ። በሦስተኛው ዓመት በአሮጌዎቹ መካከል አዲስ መቆፈር ይቻላል።

ጉድጓዶቹ ውስጥ ያልዘራችሁት የዛፍ ችግኝ ታገኛላችሁ፤ ፍየሎች የበሉት ፍሬ በበጠጡ አብሮ የመጣ ነው። ገርቢ ከሆነ በተለይ አትንቀሉት። ቅጠሉን የሚያረግፈው በክረምት ስለሆነ ማሽላውን አያጠላበትም። በየአሥር ሜትሩ አንድ አንድ ለዩና ከብት እንዳይበላው በእሾህ እጠሩት።

«እኛ ጋ ይሆናል ወይ?» ለሚሉ

ዛይ የሚሠራው በዓመት ከ300 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ፣ ጠንካራና ገላጣ መሬት ላይ ነው። መሬታችሁ እንዲህ ከሆነ ሩብ ሄክታርም አትጀምሩ። 100 ጉድጓድ ቆፍሩ፤ 50ዎቹ ፍግ ይግባባቸው፣ 50ዎቹ ይቅርባቸው፣ ከጎናቸው ደግሞ እንደ ወትሮው ዝሩ። መስከረም ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን እዩና የሚቀጥለውን በጋ ቁፋሮ ያኔ ወስኑ።